ከሙጫው ሥር የተጻፈ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ለእናቴ ወንድም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ሥራዎ? እኛ፣ ማለትም እኔና ድመቷ፣ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። ድመቷ አታውቅዎትም፤ ስለ እሷም የምናፍቀው እኔ ነኝ።

እናቴ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። በየሁለት ወሩ ትጽፍልዎት የነበረውን ደብዳቤ እኔ መቀጠል ነበረብኝ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ግን ወንበሯን የቀማኋት እየመሰለኝ ተውኩት። እንዳልደውል ደግሞ ጆሮዎ በዚያ በሰው አገር፣ በካርቶን ፋብሪካው ማሽን መጎዳቱን ነግራኛለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁንም የጻፍኩት ጉዳይ ይዤ ነው፤ ሲቸግራት ዘመድ ትዝ አላት ቢሉኝ አንገቴን እደፋለሁ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ አራት ሆነን አንድ የሙዚቃ ቪዲዮና አምስት ዘፈን ያለበት አልበም ከነሽፋኑ ሠርተን እናስረክባለን። በዚህ ዘመን ሲዲ ማን ይሰማል እንዳይሉኝ፤ መምህራችን "በእጅ የማይያዝ ነገር አላርምም" ብሎናል። አንዷ ዳይሬክተር ናት። ካሜራ የሚይዘው ድቡልቡል ስለሆነ ኳስ እንለዋለን። የሚዘፍነው ቀጭኑ ይባላል፣ ስሙን የሚጠራው እናቱ ብቻ ናት። እኔ ቦታና ዕቃ አሰናዳለሁ፤ ሽፋኑም የእኔ ሥራ ነው።

ቀጭኑ አራት ዘፈን አለው፤ አምስተኛው ጠፋ። አንድ ቀን የቀለም ብሩሽ እያጠብኩ ሳንጎራጉር ሰማኝና ባለሁበት አቆመኝ። እናቴ ሁልጊዜ የምታዜመው ነው፦

በሬ ገርበብ ብሎ መብራቴም አልጠፋ፣
ይመጣል ዓለሜ ቢዘገይ ቢከፋ።

"የማን ነው?" ስላት "የወንድሜ ነው" ትለኝ ነበር። ከዚህ በላይ አላውቀውም። ሙሉውን ቢልኩልኝና ብንዘፍነው ይፈቅዳሉ? ሽፋኑንም እንዴት ቆርጬ እንደማጥፍ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል፤ በቤተሰባችን ካርቶን የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለቃጭሌ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ዕድሜሽ ይርዘም፤ እጅሽ የነካው ይቅና። ቃጭል ያልኩሽ እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ? ልጠይቃችሁ የመጣሁ ጊዜ ገና የአርባ ቀን ልጅ ሆነሽ ስታለቅሺ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። በመጀመሪያ ግን ይህን "እርስዎ" የሚሉትን ነገር አንሺልኝ። ሳላረጅ አስረጀሽኝ።

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። አዎ፣ ዘፈኑ የእኔ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ጃንጥላ ይዛ በደጃችን ለምታልፍ አንዲት ልጅ ጻፍኩት። በትምህርት ቤታችን መድረክ ላይ ስዘፍነው ዳይሬክተሩ ሳይቀር አጨበጨበ። ልጅቷ ግን ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች። ሙሉው ያለው እናትሽ ዘንድ ነው፤ ሻንጣዋ ውስጥ ሰማያዊ ደብተር ፈልጊ።

ዝፈኑት። ምርቃቴም ይከተላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፤ ስሜ ከነአባቴ ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስም ስቆርጥና ሳጥፍ ኖርኩ፤ የጫማ፣ የሳሙና፣ የሳል መድኃኒት። የእኔ ስም ያለበት አንድ ካርቶን በእጄ አላለፈም። ዘፈኑን ብትልኪልኝ አልሰማውም፤ በቀኝ ጆሮዬ የሚገባው ጩኸት ብቻ ነው፣ በግራው እሱም የለም። ስሜን ግን አነበዋለሁ።

በፖስታው ውስጥ ያለውን ነጭ ካርቶን አትቅደጂው፤ የሽፋንሽ ሞዴል ነው። ስትዘረጊው ሁለት ጠባብ ጠርዞች ታያለሽ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከጎን። ክንፍ እንላቸዋለን። ሙጫ የሚቀባው እነሱ ላይ ነው። ክንፍ ላይ ምንም አይታተምም፤ የታተመበት ሁሉ ተቀብሮ ይቀራል። አዲስ ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ደግሜ ነገርኩሽ።

ልማድ ሆኖብኝ ካርቶን እጄ ከገባ ሳልፈታው አላልፍም። ጎረቤቶቼ ስጦታ ሲሰጡኝ "ዕቃውን ተወውና ካርቶኑን ውሰድ" እያሉ ይቀልዱብኛል።

አጎትሽ


ኅዳር 22 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንዴት ከረሙ? "አንተ" ልልዎት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይታገሱኝ።

ቪዲዮውን መቅረጽ ጀመርን። ዳይሬክተሯ "በሩ ብቻውን ሜዳ ላይ ይቁም፣ ግራና ቀኙ ባዶ ይሁን" አለች። ከሰፈሩ አናጢ አንድ አሮጌ በር ከነመቃኑ ተዋስን፤ ለመኪና የሚሆን ስለሌለን እኔና ኳስ አራት መንገድ አቋርጠን ተሸከምነው። መሐል መንገድ ላይ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመንና ከላይ እስከ ታች አይቶን "ቤቱስ?" አለን። ከሳቅ የተነሣ በሩን አስቀምጠን አረፍን።

ሜዳው ላይ ነፋስ አስቸገረን። ቀጭኑ ዓይኑን ጨፍኖ "ገርበብ" ሲል በሩ ጓ ብሎ ይዘጋል። በመጨረሻ እኔ ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ተኝቼ በእግሬ ደገፍኩት። በጥሩው ቀረጻ ላይ የጫማዬ ጫፍ ይታያል። ዳይሬክተሯ "ይቆረጣል፣ አታስቢ" ብላኛለች።

ደብተሩን አገኘሁት። በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ ከሻንጣው ሥር ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ጽሕፈቱ የእናቴ ነው፤ የቤት ሥራዬ ላይ ስትፈርም የኖረችበት፣ ወደ ግራ ዘመም የሚለው። ስርዝ ድልዝም በዝቶበታል። አንዱ ስንኝ አራት ጊዜ ተሰርዞ አራት ጊዜ ተጽፏል። ነገሩ እንዴት ነው?

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለቃጭሌ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለዩ። የፖሊሱን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው፤ አሁን እኔም አንድ ካርቶን ብቻዬን ይዤ ሳልፍ "ቤቱስ?" ይሉኛል።

የጽሕፈቱ ነገር ቀላል ነው። እኔ ስናገር እሷ ትጽፍ ነበር። የእኔ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት መሆኑን ይኸው እያየሽው ነው። ስርዝ ድልዙ እኔ ሐሳቤን እየለዋወጥኩ ሳስቸግራት የመጣ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሌላ ጥቅል መቶ ሃያ ሽፋን ይደርስሻል። አለቃዬ ከትርፍራፊው ካርቶን እንድቆርጥ ፈቀደልኝ፤ አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከጀርባው በኩል፣ ከታች ጥግ ላይ፣ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ለይቼ በእርሳስ ምልክት አድርጌልሻለሁ። ስሜ እዚያ ቢገባ ያምራል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን፤ ወርቃማ ቶሎ ይላጣል። ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ጥር 30 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

ደህና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ። ሽፋኖቹ ደርሰዋል፤ አንድም አልታጠፈም። ድካምዎን እግዜር ይቁጠርልዎ።

እሷ ስትጽፍ እርስዎ ይናገሩ እንደነበር አነበብኩ። ደብተሩን ደግሜ አየሁት።

ቪዲዮው ተጠናቀቀ። ፈተና ላይ ስለሆንን አላስረዝምም። ሌላ ምንም ነገር እንዳይልኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 25 ቀን

ለቃጭሌ፣

ደብዳቤሽ አጠረብኝ። ታመሽ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ባትታመሚ ይሻላል፤ ሳትታመሚ ይህን ያህል ካጠርሽ ግን አስቀየምኩሽ ማለት ነው።

ስለ ስሜ አንድ ቃል አልነገርሽኝም። ገባ? ጥጉ ላይ ነው? ከተጨናነቀባችሁ የአባቴን ስም አሳጥሩት፤ እኔን ግን አታውጡኝ። ለባልደረቦቼ ነግሬያለሁ። አለቃዬ ሽፋኑ ሲመጣ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ ብሏል፤ ጠዋት ጠዋት ፖስታ እየጠየቀኝ ነው። ቪዲዮውን ተዪው፣ አንድ ሽፋን ብቻ ላኪልኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 14 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

አልበሙ ወጣ። ጥሩ ነጥብ አገኘን። አንድ ቅጂ ይኸው።

ጀርባውን ሲያነቡ ቶሎ አይፍረዱብኝ። ካርቶን ሳይፈቱ እንደማያልፉ ነግረውኛልና በዚያው ልማድዎ ይፍቱት።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ አልነፍግሽም፤ ጤና ይስጥልኝ።

ፖስታው የደረሰው በምሳ ሰዓት ነው። አለቃዬ መጋረጃ ሰቃይ ይመስል መዶሻና ሚስማር ይዞ መጣ። ስምንት ሰው ከቦኝ ቆመ። ገለበጥኩት። አራት ቅዳሜ በቆረጥኩት ካርቶን ላይ፣ በእርሳስ ምልክት ባደረግኩት ጥግ ላይ፣ "ግጥምና ዜማ" ይልና የቀጭኑ ስም አለ። ሙሉ ስሙ! እናቱ ብቻ ናት የምትጠራው ያልሽኝ።

አለቃዬ ቋንቋችንን አያነብም። "የትኛው ነው ያንተ?" አለኝ። በጣቴ የቀጭኑን ስም አሳየሁት። ምን ላድርግ? ሰቀለው፤ አጨበጨቡልኝ። ከሰዓቱን እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም።

ማታ ሁሉም ሲወጡ አውርጄ ቤቴ ወሰድኩት። በማንቆርቆሪያ እንፋሎት የታችኛውን ክንፍ አላቀቅኩ። ስሜን አገኘሁት። "ዜማ" ከሚል ቃል ጋር፣ ከሙጫው ሥር፣ ምስጥ በልታው እንደምትተወው ፊደል ደብዝዞ።

ክንፍ ላይ የታተመ እንደሚቀበር የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ባታውቂ ኖሮ ስሕተት ነው እል ነበር። አንቺ ግን ከእኔ ተምረሽ በእኔው ካርቶን ቀበርሽኝ። የጠላት ልጅ ቢያደርገው ይገባኛል። ካቀፍኩሽ ክንድ ምን ቆረጠሽ? እናትሽ ብትኖር ይህን አታደርግም ነበር። ደብተሬን መልሺልኝ።

አጎትሽ ነበርኩ


ሰኔ 2 ቀን

አጎቴ፣

ዛሬ "አንተ" ልልህ ነው፤ እጄ እምቢ አላለኝም።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ መምህራችን ግጥሙም ዜማውም የተማሪ ሥራ ካልሆነ ነጥብ የለም አለ። ቀጭኑ "ለጊዜው የእኔን ስም አስገቢ፤ ከታረመ በኋላ በሁለተኛው ዕትም አጎትሽን እናስገባለን" አለኝ። አመንኩት፤ ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኩት። አሁን ዘፈኑን ለአሳታሚ ሸጦታል። ስጠይቀው "ፈርመሻል እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሽፋኑን አስተካክዬ "ይታተም" ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከድቼሃለሁ፤ የትም አልሸሽም።

ግን ግማሹን ነው የነገርኩህ። ሌላው ግማሽ በሆዴ የነበረ ነው።

ደብተሩን እየደጋገምኩ አየሁት። የሚያስጽፍ ሰው ሐሳቡን ቢለዋውጥ ጸሐፊው ይሰርዛል፤ ይህ ይገባኛል። ነገር ግን በኅዳጉ ላይ "ዛሬም አባዬ አልመጣም፣ መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል" የሚልም አለ። እሱን ማን አስጻፋት? በዘፈኑም ውስጥ ጃንጥላ የያዘች ልጅ የለችም። "ይመጣል አባዬ" ነው የሚለው። "አባዬ" ተሰርዞ ከላዩ በአረንጓዴ ቀለም "ዓለሜ" ተብሏል። ያ ቃል የተጻፈው በዶሮ ጭረት ነው። በደብተሩ ሙሉ የአንተ ጽሕፈት ያለው እሱ ብቻ ነው።

በደብዳቤ ጠየቅኩህ። ካልዋሸኸኝ ይቅር ልልህ ተዘጋጅቼ ነበር። አንተ ስለ ወርቃማ ቀለም ጻፍክልኝ። እሷ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ "የወንድሜ ነው" ስትለኝ ነበር፤ ሞታም ልትደብቅህ ደብተሩን በትራስ ልብስ ጠቀለለችው። እኔስ በማን ተናደድኩ መሰለህ? በእሷም ጭምር።

ሁለት ክንፍ እንዳለው ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የታችኛውን ከፈትክ፤ ስምህን ስታገኝ አቆምክ። ሠላሳ አንድ ዓመት ካርቶን የፈታህ ሰው።

የጎኑንም ክፈተው።


ሐምሌ 19 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

"አንተ" በይኝ ብዬ ስለምን በዚህ መንገድ ይመጣል ብዬ አልነበረም። ይገባኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ሽፋኑ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ውኃ አፈላሁ። የጎኑን ክንፍ ከዳር ጀምሬ ስለነበር የፈታሁት ቀድሞ ብቅ ያለው የአባታችን ስም ነው። ልዋሽሽ አልችልም፤ የእኔ መሰለኝና ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ "ግጥም" የሚለውና የእሷ ስም ወጣ።

አባታችን የጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ ሲሄድ በሳምንት ይምጣ በወር አይታወቅም። እሱ እስኪመጣ እናትሽ በሩን ገርበብ አድርጋ መብራቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። እኔ እተኛለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። ዜማውን እኔ አወጣሁለት። መድረክ ላይ ልዘፍነው ስል "አባዬ" የሚለው ልጅ ያስመስለኛል ብዬ "ዓለሜ" አደረግኩት። "በአንተ ስም ይሁን፤ ሲታተም ታስገባኛለህ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አልታተመም። ሠላሳ ዓመት በየሁለት ወሩ ስትጽፍልኝ አንድ ቀን አላነሣችውም። እኔም አላነሣሁትም። ባታነሣው ረሳችው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት፤ አንቺ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስታዜመው ነበር ትይኛለሽ። ማረፏን የሰማሁ ቀን አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ያሰብኩትን ደግሞ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፦ አሁን የሚያውቅ የለም አልኩ።

በጥቅሉ ውስጥ አንድ ሽፋን አለ። ሙጫ የለውም። ጠርዞቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ይያያዛሉ፤ ክንፍ የሚባል ነገር አላስቀመጥኩበትም፤ የሚደበቅበት ቦታ የለም። ስሟን አንቺ ጻፊ፤ በእኔ እጅ መጻፍ አይገባውም። የእኔን አትጻፊ። ደብተሩን መልሺልኝ ያልኩሽንም እንዳልተባለ ቁጠሪልኝ።

አለቃዬ ግድግዳው ላይ የነበረው የት ገባ ብሎ ጠየቀኝ። የእኔ አልነበረም አልኩት። አልገባውም።

የእናትሽ ወንድም


ነሐሴ 23 ቀን

አጎቴ፣

ጤናህን ይስጥህ። ባዶው ሽፋን ደረሰኝ። በጣም ያምራል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳጥፍና ስዘረጋው ቆየሁ። ስሟን በጥቁር ጻፍኩበት። ለአንተ የሚሆን ቦታም ተርፎ ነበር፤ ባዶውን ተውኩት። ለዛሬ ከዚህ ሌላ አልቻልኩም።

ቪዲዮው አሁን በየቴሌቪዥኑ አለ። የጫማዬን ጫፍ ረስተው አልቆረጡትም።

ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ፤ ዘፈኑ ነበር። አጠገቤ ዘንቢል የያዙ ሴት ተቀምጠው ነበር። "ይመጣል ዓለሜ" ሲል ዓይናቸውን ጠረጉና "ይህ ልጅ ምን ቢያይ ነው በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚጽፍ?" አሉኝ።

 ካንተ ውጭ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

"የእናቴ ነው" አልኳቸው። "እናቴ ናት የጻፈችው።"

ሴትየዋ አዩኝና እጄን ያዙኝ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። "ጥሩ ዘፈን እንደዚህ ነው። እኔም የእናቴ ነው የመሰለኝ።"

የእህትህ ልጅ